ማውንት የሆነ ዲስክ ላይ መጻፍ አልቻልኩም፦ ሊኑክስ ሚንት

ደጅ ጠኚዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ሚንትና ዊንዶውስ ጎን ለጎን ተጭነዋል። በቅርቡ ተጨማሪ ኤስኤስዲ ገጥሜ በኤክስት4 (በሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ) ፎርማት አደረግኩት። ኤምኤንቲ ሥር «ዳታ» የሚል ፎልደር ፈጥሬ እዚያ ላይ ማውንት አድርጌዋለሁ፣ ማለትም ዲስኩ በዚያ ፎልደር በኩል እንዲከፈት አያይዤዋለሁ። ይከፈታል፣ ይታያል። ግን ራይት ክሊክ ሳደርግ «አዲስ ፎልደር» የሚለው ደብዝዞ አይነካም። ኮፒ ያደረግኩትንም ፔስት ማድረግ አይቻልም።

ሌላው ከዊንዶውስ ጋር የምጋራው የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ) ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፍልፋይ ነው። እሱ ደግሞ አመለኛ ሆኗል። አንዳንድ ቀን ይጻፍበታል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል።

ፋይል ማኔጀሩን በሩት፣ ማለትም ሁሉ በተፈቀደለት የሲስተሙ አስተዳዳሪ ስም፣ ስከፍተው ኤስኤስዲው ላይ መጻፍ እችላለሁ። ግን ለእያንዳንዱ ፋይል ፓስወርድ እያስገባሁ እስከ መቼ? ለገዛ ዲስኬ ፈቃድ የምለምነው ለምንድን ነው?

ፈጣኑ፦

ይሄማ ቀላል ነው። «ሱዶ ችሞድ -አር 777» ብለሽ የፎልደሩን አድራሻ ጨምሪበት። ሱዶ በሩት ሥልጣን ያስኬዳል፣ ችሞድ ፈቃድ ይቀይራል፣ -አር ውስጡ ያለውን ሁሉ ያዳርሳል፣ 777 ደግሞ ሁሉም ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያስኪድ ማለት ነው። አለቀ፣ ደቀቀ።

የኔታ ተርሚናል፦

ፈጣኑ፣ ቀስ በል። ማን እንደከለከላት ገና መች አወቅንና?

ደጅ ጠኚዋ፣ ፋይል ማኔጀሩ «አይቻልም» ከማለት ውጭ ምክንያት አይሰጥሽም። ተርሚናሉ ግን ይናገራል። «ተች» በሚለው ትዕዛዝ ሁለቱም ቦታ ላይ አንዳንድ ባዶ ፋይል ለመፍጠር ሞክሪ። ያለ ሱዶ ይሁን። የሚመጣውን መልእክት ቃል በቃል አምጪልን። ከዚያ ምን የት ማውንት እንደሆነ የሚያሳየውን «ፋይንድማውንት» በይና የሁለቱን መስመር ለጥፊ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እየጻፍኩልሽ ነው፤ ስታስገቢያቸው በላቲን ነው።

ደጅ ጠኚዋ፦

እሺ የኔታ፣ ይኸው።

ኤስኤስዲው ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ነው የሚለኝ። ፋይንድማውንት ዓይነቱን ኤክስት4 ይለዋል፣ አማራጮቹ ውስጥ «አርደብሊው» አለ።

የጋራው ላይ «ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም» ይላል። ዓይነቱ «ፊውዝብሎክ»፣ አማራጮቹ የሚጀምሩት በ«አርኦ» ነው።

አርደብሊው ማለት ይጻፍበታል ማለት አይደል እንዴ? ታዲያ ኤስኤስዲው ለምን ከለከለኝ?

የኔታ ተርሚናል፦

ጥሩ ነው፣ አሁን ገባኝ። ሁለቱ የማይገናኙ ችግሮች ናቸው።

አርደብሊው የሚለው ፓርቲሽኑ በአጠቃላይ ይጻፍበታል ማለት ነው። ማን እንደሚጽፍበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የግቢው በር ተከፍቶ የክፍሉ በር ሊቆለፍ ይችላል። «ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም» ካለሽ የተዘጋው የግቢው በር ነው፤ ሩት ብትሆኚም አትጽፊም። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለሽ ግን ግቢው ክፍት ነው፣ ክፍሉ በሌላ ሰው ስም ስለሆነ ነው። «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» የሚልም ያጋጥማል። እሱን ብዙ ጊዜ የምታገኚው ባለቤትነት የሚባል ነገር በማያውቅ ፋይል ሲስተም ላይ፣ ለምሳሌ ፋት32 ፍላሽ ላይ፣ ቾውን (ባለቤት የሚቀይረውን ትዕዛዝ) ስትሞክሪ ነው።

ኤስኤስዲውን እናስቀድም። ኤክስት4 ፎርማት ሲደረግ የላይኛው ፎልደር የሩት ሆኖ ይፈጠራል። ፈቃዱ 755 ነው። ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ሰው ገብቶ ያነባል እንጂ አይጽፍም። አንቺ ደግሞ እዚያ «ሌላው ሰው» ነሽ። ስለዚህ ባለቤትነቱን ወደ ራስሽ ማዞር ነው፦

ሱዶ ቾውን ስምሽ:ስምሽ /ኤምኤንቲ/ዳታ

«ስምሽ» ባልኩበት ቦታ የተጠቃሚ ስምሽን ታስገቢያለሽ። -አር አያስፈልግም። ዲስኩ አዲስ ነው፤ ውስጡ ያለው «ሎስት+ፋውንድ» ብቻ ነው። እሱ የሩት ሆኖ ይቅር፣ ዲስክ ሲጠገን ስሙና ቦታው የጠፋ ፋይል የሚጠራቀምበት ነው።

አንድ ነገር ግን አስምሪበት። ቾውን የሚደረገው ዲስኩ ማውንት ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ካደረግሽው የምትቀይሪው ባዶውን ፎልደር ነው። ማውንት ስታደርጊ ያ ባዶ ፎልደር ይሸፈንና በቦታው የዲስኩ የራሱ ሥር ይመጣል፣ የራሱን ባለቤትና የራሱን ፈቃድ ይዞ። «ቾውን አድርጌ ነበር፣ ሪስታርት ሳደርግ ተመለሰብኝ» የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ኤክስት4 ላይ ባለቤትነት የሚመዘገበው ራሱ ዲስኩ ላይ ነው። አንዴ በትክክል ከተቀየረ ሪስታርት አያጠፋውም፤ ዲስኩን ነቅለሽ ሌላ ማሽን ላይ ብትሰኪውም አብሮት ይሄዳል።

ፈጣኑ፦

777ም እኮ ያው ይሠራል። የራሷ ላፕቶፕ ነው፣ ማን ይነካባታል?

ሌሊት ሰሪ፦

ኤስኤስዲው ላይ ይሠራል፣ አልካድኩም። የጋራው ላይ ግን ምንም አይፈይድም፤ ንባብ ብቻ ሆኖ የተከፈተን ነገር ችሞድ አያስከፍተውም።

«ማን ይነካባታል» ላልከው፣ ላፕቶፑ ላይ ያለችው እሷ ብቻ አይደለችም። የተለያዩ አገልግሎቶች በየራሳቸው የተጠቃሚ ስም ይሮጣሉ። 777 ሲሆን ከእነሱ አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢጠለፍ ፋይሎቿን ይቀይራል፣ ይሰርዛል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፎቶና ዶክመንት እንደ ፕሮግራም እንዲሮጥ የተፈቀደለት ይሆናል። ለምን?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ -አር ነው። ከመጀመሪያው እዝባር ቀጥሎ በስህተት አንድ ስፔስ ብትገባ ትዕዛዙ ከዳታ ሳይሆን ከሥር ጀምሮ ሲስተሙን በሙሉ ያዳርሳል። ሱዶ በሩት ሥልጣን እንዲሮጥ የሚያደርገውን ሴትዩአይዲ የሚባል ምልክቱን ያጣና መሥራት ያቆማል። ከሌላ ማሽን ጋር የሚያገናኘው ኤስኤስኤችም «የግል ቁልፍህ ለሁሉም ክፍት ነው» ብሎ ቁልፉን አይቀበልም። ችሞድ ደግሞ የድሮውን ፈቃድ የትም አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ወደነበረበት መመለሻ የለውም። ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ይቀላል።

ፈጣኑ፦

ይሁን። ግን ፍላሽ ስሰካ ምንም ሳላደርግ ነው የምጽፈው። እሱ ለምን ቾውን አይጠይቀኝም?

ሌሊት ሰሪ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍላሹን ማውንት የሚያደርግልህ ዩዲስክስ የሚባል አገልግሎት ነው። ፋት32፣ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ሲያገኝ «የዚህ ሁሉ ፋይል ባለቤት አሁን ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው» ብሎ ያንተን የተጠቃሚ ቁጥር ይሰጠዋል። እነዚህ ፋይል ሲስተሞች የሊኑክስን ባለቤት የሚመዘግቡበት ቦታ የላቸውም ወይም አይጠቀሙበትም። ስለዚህ ባለቤቱ የሚወሰነው ማውንት ሲደረግ ነው። ያው ፍላሽ በኤክስት4 ፎርማት ቢደረግ ግን ዩዲስክስም አይረዳህም፤ የላይኛው ፎልደር የሩት ከሆነ እንደ ደጅ ጠኚዋ ደጅ ትጠናለህ።

ደጅ ጠኚዋ፦

ኤስኤስዲው እሺ አለ! አንድ መስመር ብቻ። አመሰግናለሁ የኔታ።

የጋራውስ?

ኮረብታ፦

እሱን እኔ ልያዘው።

«አንዳንድ ቀን ይጻፍበታል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል» ያልሽው ራሱ ፍንጭ ነው። እምቢ ባለሽ ቀን ከሊኑክስ በፊት ዊንዶውስን እንዴት እንደዘጋሽው አስታውሺ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትይው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ያንቺን ፕሮግራሞች ይዘጋና የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። በማግስቱ ቶሎ የሚነሳው ለዚህ ነው። የከፈታቸው የኤንቲኤፍኤስ ፓርቲሽኖችም እንደተያዙ ያድራሉ። የትኛው ፋይል የት እንዳለ ከሚገልጸው መዝገብ ከፊሉ ያለው በዚያ በተቀመጠው ሚሞሪ ውስጥ ነው። ሊኑክስ መሃል ገብቶ ቢጽፍ፣ ዊንዶውስ ሲነቃ በአሮጌው መዝገብ ይቀጥላል። ፋይል የሚበላሸው ያኔ ነው። ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ (ሊኑክስ ኤንቲኤፍኤስን የሚከፍትበት ድራይቨር) ይህን ስለሚያውቅ ፓርቲሽኑን ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። የከለከለሽ ለራስሽ ብሎ ነው።

ዊንዶውስን ሪስታርት ስትይው ግን ከልቡ ይዘጋል። በሪስታርት ወደ ሊኑክስ የተሻገርሽ ቀን ይጻፍልሻል፣ በሻት ዳውን የመጣሽ ቀን እምቢ ይላል።

መፍትሔው ያለው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚን ክፈቺና «ፓወርሲኤፍጂ /ኤች ኦፍ» በይ። ይህ ሃይበርኔትንም ፋስት ስታርትአፕንም አብሮ ያጠፋል። ሃይበርኔት የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተሽ ፋስት ስታርትአፕን ብቻ አንሺው። ከዚያ ዘግተሽ ወደ ሊኑክስ ነይ።

«ሪሙቭ_ሃይበርፋይል» የሚል የማውንት አማራጭ እንዳለ የሚነግርሽ ሰው አይጠፋም። አለ፣ ይሠራልም። ግን የተኛውን ዊንዶውስ ሁኔታ ሰርዞ ነው፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ካለ አብሮ ይሄዳል። ኤንቲኤፍኤስፊክስ የሚባለው የሊኑክስ መጠገኛም ቢሆን የዊንዶውሱ ዲስክ መፈተሻ የቼክዲስክ ምትክ አይደለም። ጥቂት ነገር አስተካክሎ፣ ጆርናሉን (የለውጥ መዝገቡን) ባዶ አድርጎ፣ የቀረውን ዊንዶውስ ሲነሳ እንዲፈትሽ ምልክት ይተዋል። ዊንዶውሱ እዚያው ማሽን ላይ እያለ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው አይገባኝም።

ፊውዝብሎክ ስላለሽ ድራይቨሩ ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ነው ብዬ ነው የማወራው። በ2021 ከወጣው ከርነል 5.15 ጀምሮ ኤንቲኤፍኤስ3 የሚባል ሌላ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ገብቷል። እሱ በደንብ ያልተዘጋ ፓርቲሽን ሲያገኝ ጭራሽ ማውንት አላደርግም ሊል ይችላል። ምክንያቱን ዲመሴጅ (የከርነሉን መልእክት የሚያሳየው ትዕዛዝ) ውስጥ ይጽፈዋል። «ፎርስ» የሚል አማራጭም አለው። አትንኪው።

ደጅ ጠኚዋ፦

ልክ ብለሃል፣ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ነበር። አጠፋሁት፣ አሁን ፋይንድማውንት አርደብሊው ይላል።

አሁን ሁለቱም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በራሳቸው እንዲከፈቱ ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ ማውንት የሚሆኑት የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ልጽፋቸው ነው። የማነበው ሁሉ «ዩአይዲ (የተጠቃሚ ቁጥር)=1000 ጨምሩ» ይላል። ሁለቱም መስመር ላይ ልጨምረው?

የኔታ ተርሚናል፦

በፍጹም! ኤክስት4 ላይ እንዳትጨምሪው። ኤክስት4 ዩአይዲ የሚል የማውንት አማራጭ አያውቅም። የማያውቀው ነገር ከተጻፈበት ደግሞ ዘሎት አያልፍም፣ ማውንት መሆኑን ይተወዋል። አማራጩ የኤንቲኤፍኤስና የፋት ዘመዶች ነው።

መጀመሪያ «ኤልኤስብሎክ -ኤፍ» በይና የሁለቱን ዩዩአይዲ (የፓርቲሽኑን መለያ) ያዢ። የኤክስት4ው ረጅም ነው፣ በሰረዝ የተከፋፈለ። የኤንቲኤፍኤሱ ሰረዝ የሌለው 16 ምልክት ነው። «ኤስዲኤ1» ዓይነት ስም አትጠቀሚ፤ ሌላ ዲስክ ስትሰኪ ሊቀያየር ይችላል። ከዚያ «አይዲ» በይና ቁጥርሽን አረጋግጪ። ሚንት ሲጫን የተፈጠረው የመጀመሪያው ተጠቃሚ 1000 ነው። ከዚያ በኋላ የተጨመርሽ ከሆነ ግን ቁጥርሽ ሌላ ነው።

መስመሮቹ እንዲህ ናቸው፦

ዩዩአይዲ=የኤስኤስዲው /ኤምኤንቲ/ዳታ ኤክስት4 ዲፎልትስ,ኖፌይል 0 2

ዩዩአይዲ=የጋራው /ኤምኤንቲ/የጋራ ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ዩአይዲ=1000,ጂአይዲ=1000,ዲማስክ=022,ኤፍማስክ=133,ኖፌይል 0 0

ማስክ የሚሰጠውን ሳይሆን የሚቀንሰውን ነው የሚናገረው። ከ777 ላይ 022 ሲነሳ ፎልደሩ 755 ይሆናል፣ 133 ሲነሳ ፋይሉ 644 ይሆናል። አንቺ ትጽፊያለሽ፣ ሌላው ያነባል፣ ፎቶሽም ፕሮግራም ነኝ አይልም። ብዙ ቦታ «ዩማስክ=000» ብለው ይጽፉታል። ያ 777 ነው፣ በሌላ በር የገባ።

ኖፌይልን አትርሺ። እሱ ሳይኖር ዲስኩ ቢነቀል ወይም አንድ ፊደል ቢዛነፍ፣ ሲስተሙ ሲነሳ 90 ሰከንድ ይጠብቅና ኢመርጀንሲ ሞድ የሚል ጥቁር ስክሪን ላይ ይጥልሻል። የፎልደሩ ስም ውስጥ ስፔስ ካለ ደግሞ ኤፍኤስታብ ሁለት ዓምድ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ በስፔሱ ቦታ \040 ይጻፋል።

ሴቭ ካደረግሽ በኋላ ሪስታርት ለማድረግ አትቸኩዪ። «ፋይንድማውንት --ቬሪፋይ» መስመሩን ይፈትሽልሻል። «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ ማውንት -ኤ» በይ። ቅሬታ ካልመጣ ጨርሰሻል።

ሚጢጢ፦

ውይይቱ ውስጥ ልግባና፣ የእኔ ትንሽ ይለያል። ከድሮ ኮምፒውተሬ የነቀልኩት የኤክስት4 ዲስክ ነው። ያኔ ባለቤቱ እኔ ነበርኩ። ስሜም ያው ነው። አዲሱ ማሽን ላይ ግን ፐርሚሽን ዲናይድ።

ሌሊት ሰሪ፦

ዲስኩ ስምሽን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርሽን ነው። «ኤልኤስ -ኤልኤን» በይ፣ በስም ፋንታ ቁጥር ያሳይሻል። ድሮ 1001 ከነበርሽና አሁን 1000 ከሆንሽ፣ ለከርነሉ ሁለት ሰው ናችሁ። እዚህ ጋ ነው ቾውን ከነ -አር የሚያስፈልገው። ግን ቀድመሽ ውስጡን ተመልከቺ። ድሮ ሲስተሙ ራሱ የተጫነበት ፓርቲሽን ከሆነ ከላይ እስከ ታች አታዳርሺው፣ የሆም ፎልደርሽን ብቻ ያዢ።

ሚጢጢ፦

ትክክል፣ 1001 ነው። ወንድሜም በራሱ አካውንት ይህንኑ ዲስክ ቢጠቀም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ማውንት የሚሆነው ሚድያ ሥር በእኔ ስም ያለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ እሱ መግባትም አይችልም።

ኮረብታ፦

ያ ፎልደር ላንቺ ብቻ የተከፈተ ነው፣ ዲስኩ ላይ ምንም ብታደርጊ እሱ በዚያ በኩል አያልፍም። በኤፍኤስታብ ወደ ኤምኤንቲ አውጪው።

ከዚያ በግሩፕ ነው የሚሠራው። አንድ ግሩፕ ፍጠሪ፣ ሁለታችሁንም አስገቢ፣ የጋራውን ፎልደር ግሩፕ ወደዚያ ቀይሪና «ችሞድ 2775» አድርጊው። ከፊት ያለችው 2 ዋናዋ ናት፤ እዚያ ውስጥ የሚፈጠር ማንኛውም ነገር ግሩፑን ይወርሳል። ግን ግሩፑን ወረሰ ማለት ግሩፑ ይጽፍበታል ማለት አይደለም። ዩማስካችሁ (አዲስ ፋይል ሲፈጠር የሚቀነሰው ፈቃድ) 022 ከሆነ አንቺ የፈጠርሽውን ወንድምሽ ያነባል እንጂ አያርምም። እሱን የሚፈታው «ሴትኤፍኤሲኤል -ዲ -ኤም ጂ:የግሩፑስም:አርደብሊውኤክስ» ከፎልደሩ አድራሻ ጋር ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩት ሁሉ ግሩፑ ገና ሲፈጠሩ የመጻፍ መብት ያገኛል።

ግሩፕ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሎግ አውት አድርጋችሁ ግቡ። አለበለዚያ «ምንም አልተለወጠም» ብላችሁ ሌላ ነገር መነካካት ትጀምራላችሁ።

ነጭ ወረቀት፦

የእኔ ኤክስት4 እየሠራሁበት እያለ በድንገት ሪድ-ኦንሊ ሆነ። «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው» ልበለው?

የኔታ ተርሚናል፦

ቆይ፣ አትንካው! እየሠራ እያለ የተዘጋ ኤክስት4 ብዙ ጊዜ ስህተት አይቶ ነው የሚዘጋው። ስህተት ካየ ወደ ንባብ ብቻ እንዲመለስ የሚያዝ አማራጭ አለ። መጀመሪያ ዲመሴጅን አንብብ። «ኤክስት4-ኤፍኤስ ኤረር» ወይም «አይ/ኦ ኤረር» ካገኘህ፣ አሁን መነበብ እየቻለ ሳለ ፋይልህን ወደ ሌላ ዲስክ አሽሽ። ከዚያ አንማውንት አድርገህ ኤፍኤስሲኬ (የፋይል ሲስተም መፈተሻና መጠገኛ) አስኪድ። ማውንት በሆነ ፓርቲሽን ላይ ግን ጨርሶ እንዳታስኬደው። የዲስኩን ጤንነት በ«ስማርትሲቲኤል -ኤ» እይ። አንዳንዴ ኬብሉ ላልቶ ነው፣ አንዳንዴ ዲስኩ እየሞተ ነው። በግድ አርደብሊው ማድረግ የተበላሸው ላይ መጨመር ነው።

ነጭ ወረቀት፦

አይ/ኦ ኤረር ሞልቶበታል። ኮፒ ማድረግ ጀምሬያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ጥላ፦

እኔ ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ነኝ። ከላይ ያለውን ሁሉ አደረግኩ። ተርሚናል ላይ ይጻፋል፣ ፋይል ማኔጀር ላይም ይጻፋል። ቪዲዮ የማዘጋጅበት ፕሮግራም ብቻ ዳታ ላይ ሴቭ ማድረግ አይችልም። ፎልደሩንም አያየውም።

ሌሊት ሰሪ፦

ፕሮግራሙን በስናፕ (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ) ነው የጫንከው?

ጥላ፦

አዎ።

ሌሊት ሰሪ፦

እንግዲያው ዲስኩም ፈቃዱም ደህና ናቸው። ስናፕ ፕሮግራሙን አጥሮ ነው የሚያስኬደው፤ ኤምኤንቲና ሚድያ ሥር ያለው ነገር ለብቻው ካልተፈቀደለት አይታየውም። «ሱዶ ስናፕ ኮኔክት የፕሮግራሙስም:ሪሙቨብል-ሚድያ» በልና ፕሮግራሙን ዘግተህ ክፈተው። ሌላው መጫኛ ፍላትፓክ ቢሆን ኖሮ «ፍላትፓክ ኦቨርራይድ --ዩዘር --ፋይልሲስተም=/ኤምኤንቲ/ዳታ» ብለህ የፕሮግራሙን መለያ ትጨምርበት ነበር።

ጥላ፦

ሠራ። ችሞድ 777 ልለው ጫፍ ላይ ነበርኩ።

ፈጣኑ፦

እኔን እያየህ አትሳቅ።